ለቅሶ ላልደረስኩሽ እህቴ

በርሊን፣ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ሲጠና ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ሌላው ደህና ነው።

ባለቤትሽ ካረፈ ድምፄን እንዳጠፋሁብሽ ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ባለቤትሽ ማረፉን የሰማሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ማታ እደውላለሁ አልኩ። ማታ ሲሆን ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ነገ አልኩ። ሰልስቱ አለፈ። አርባው አለፈ። ከዚያ በኋላማ በምን አፌ? ሙት ዓመቱ ዕለት ቁጥርሽን እስከ መጨረሻው ነክቼ መልሼ ዘጋሁት። አንቺ የእናቴ ለቅሶ ላይ ሦስቱንም ቀን ከድንኳኑ አልወጣሽም ነበር። እኔ ግን አንድ ቃል እንኳ አላልኩሽም። ይቅር በይኝ። እግዚአብሔር ያጽናሽ። ነፍሱን በገነት ያኑርልን።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ማክሲም ናውሞቭ የሚባል ልጅ ነው። ስሙ ምን እንደሚያስታውስሽ አውቃለሁ። አዎ፣ የሺሽኮቫና የናውሞቭ ልጅ ነው፤ የነዚያ የሌኒንግራዶቹ ጥንዶች። (ቀኑንና ዓመቱን እንደ ፈረንጆቹ ልጻፍልሽ፤ ስለ ስኬቲንግ ስናወራ ሁሌም እንደዚያ ነበርና።) በ1994 በሊለሃመር ኦሎምፒክ አራተኛ ሲወጡ አዝነሽላቸው፣ በዚያው ዓመት ቺባ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆኑ እልል ብለሽ ነበር። በኋላ አሜሪካ ገብተው ልጆች ሲያሰለጥኑ ኖሩ። ባለፈው ዓመት፣ ጥር 29 ቀን 2025፣ ዋሽንግተን ላይ ከወታደራዊ ሄሊኮፕተር ጋር ተጋጭቶ ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ የወደቀው አውሮፕላን ላይ ነበሩ። 67 ሰው አለቀ። 28ቱ የስኬቲንግ ሰዎች ነበሩ፤ ገና ሕፃናት ከነወላጆቻቸው፣ ከነአሰልጣኞቻቸው። ያን ሌሊት ዜናውን እየሰማሁ መጀመሪያ የመጣሽልኝ አንቺ ነሽ። ያኔም አልደወልኩም።

ልጁ ዘንድሮ በአሜሪካ ሻምፒዮና ሦስተኛ ወጣ። ለሚላኖ ኦሎምፒክም ተመረጠ። ወላጆቹ ከሞቱ ዓመት ሊሞላ ቀናት ሲቀሩት ማለት ነው። ተወዳድሮ ጨርሶ ነጥቡን ሲጠብቅ አንድ ፎቶ አውጥቶ ያዘ። ሕፃን ሆኖ በረዶ ላይ ከእናትና አባቱ ጋር የተነሳው ነው። ብዙ አላለቀሰም። ፎቶውን ብቻ አጥብቆ ይዞ ነበር። እኔ ግን ወጥ ቤት ገብቼ እዬዬ አልኩ። ለነሱ ብቻ አልነበረም። ለባለቤትሽ ነው ያለቀስኩት፣ ያን ጊዜ ያላለቀስኩትን።

ኦብሼዢቲያችን፣ ያ የሌኒንግራድ የተማሪ ማደሪያችን፣ ትዝ ይልሽ የለ? ሦስተኛ ፎቅ፣ ያቺ ቴሌቪዥን ያለችበት ክፍል። ከአገር ቤት የመጣውን ሽሮ ሠርተን ፎቁን በሙሉ የበርበሬ ሽታ ስናስሸትተው። በር ላይ የሚቀመጡት አሮጊት ሹራባቸውን ይዘው መጥተው መሀላችን ይቀመጡ ነበር። ፊጉርኖዬ ካታኒዬ፣ የበረዶ ላይ ስኬቲንግ ማለት፣ እንዴት እንደሚታይ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። «እግራቸውን አትዩ፣ ድምፁን ስሙ» ይሉን ነበር። የጎበዝ ስኬተር የጫማው ብረት አይጮህም። የምንወዳቸው ጥንዶች ጎርዴዬቫና ግሪንኮቭ ሲመጡ ድምፁን ከፍ ታደርጊና ሁላችንንም ዝም ታሰኚን ነበር። እውነትም ምንም አይሰማም። በረዶው ላይ ብረት ሳይሆን ሐር የሚጎተት ይመስል ነበር።

1988፣ የካልጋሪ ኦሎምፒክ። እሷ 16 ዓመቷ፣ እሱ 21። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ልምምድ ላይ ከራሱ በላይ ተሸክሟት ሲሄድ ብረቱ በረዶው ውስጥ ተቀርቅሮ ወደቁ። እሷ በግንባሯ ነበር ያረፈችው። ሆስፒታል ተኛች። ይህን ያወቅነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አሁን ያንን የካልጋሪ ጨዋታ ደግሜ ሳየው ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። እሷን ከማንሳቱ በፊት እጇን የሚይዝበት አያያዝ አለ። አይቸኩልም። ያዝኩሽ፣ እሺ? የሚል ይመስላል። ከዚያ ነው የሚያነሳት።

ባለቤትሽም እንዲሁ ነበር። በዚያው ክረምት መናፈሻው ውስጥ ጫማ ተከራይተን የወጣን ቀን። ጓንት አድርጎ ማሰሪያውን ማሰር አልሆን ሲለው ጓንቱን አውልቆ በጥርሱ ያዘ። በረዶው ላይ ተንበርክኮ በባዶ ጣቱ የአንቺን ጫማ ከታች እስከ ላይ አሰረልሽ። ጣቶቹ ቀልተው ነበር። የኔንም አስሮልኛል፣ የአንቺን ግን ሁለቴ ፈታና እንደገና አሰረው። ገና ምንም ሳትነግሪኝ ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

አሮጊቷ የነገሩን ሌላ ታሪክ ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። የሶቪየቶቹን ጥንዶች የሮድኒናና የዛይትሴቭን ነገር። 1973፣ ብራቲስላቫ፣ የዓለም ሻምፒዮና። መሀል ላይ ሙዚቃው ድንገት ጠፋ። አሰልጣኛቸው ዡክ ቀጥሉ አሏቸው። ቀጠሉ። ያለ ሙዚቃ፣ የብረታቸው ድምፅ ብቻ እየተሰማ፣ እስከ መጨረሻው ሄዱ። ሕዝቡ በጭብጨባ አጀባቸው። ወርቁንም ወሰዱ። አሮጊቷ ይህን ሲነግሩን ሹራባቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በሁለት እጃቸው ያሳዩን ነበር።

የመጨረሻ ስልካችን ግን የተጣላንበት ነበር። የካቲት 2022፣ የቤጂንግ ኦሎምፒክ። የሩሲያዊቷ ስኬተር የቫሊዬቫ ሌሊት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያኔ አንቺ ነበርሽ ትክክል።

ነገሩን ታስታውሻለሽ። ልጅቷ 15 ዓመቷ ነው። ታኅሣሥ 25 ቀን 2021 የተወሰደው ናሙናዋ ላይ ትራይሜታዚዲን የሚባል የልብ መድኃኒት ተገኘ። ውጤቱ የተሰማው ግን ሩሲያውያኑ በቡድን ውድድር ካሸነፉ በኋላ ነው። ትወዳደር አትወዳደር ሲባል ሰነበተና ትወዳደር ተባለ። የመጨረሻው ቀን ወደቀች፣ ተነሳች፣ ደግማ ወደቀች። አራተኛ ሆነች። ከበረዶው ስትወጣ አሰልጣኟ ኤቴሪ ቱትቤሪድዜ «ለምን ተውሽው? ለምን መታገል አቆምሽ?» ስትላት ዓለም ሁሉ ሰማ። የአገሯ ልጅ ትሩሶቫ በአንድ ጨዋታ አምስት ጊዜ የአራት ዙር ዝላይ ዘላ የብር ሜዳሊያ ሲደርሳት እያለቀሰች ይህን ስፖርት እጠላዋለሁ አለች። ሽቸርባኮቫ ወርቁን ወስዳ አሻንጉሊቷን እንዳቀፈች ብቻዋን ቆማ ነበር። የሚያቅፋት ጠፋ። ሦስቱም የአንድ አሰልጣኝ፣ የቱትቤሪድዜ፣ ሠልጣኞች ናቸው።

አንቺ «እነዚህን ልጆች እየበሏቸው ነው፣ ሁለተኛ አላይም» አልሽኝ። እኔ ተከራከርኩሽ። እንዲህ ያለ ዝላይ የሰው ልጅ አይቶ አያውቅም አልኩሽ። ሌላው አገር ቀንቶ ነው አልኩሽ። ስልኩን እንደተኮራረፍን ዘጋነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አሰብኩበት። ሩሲያዊቷን ሊፕኒትስካያን አስቢያት። በ2014 የሶቺ ኦሎምፒክ በ15 ዓመቷ ያ ቀይ ልብስ ለብሳ ስትሽከረከር አገሩ ሁሉ አበደላት። በ19 ዓመቷ በአኖሬክሲያ ታማ አቆመች። ሌላዋ ሩሲያዊት ዛጊቶቫ በ15 ዓመቷ በ2018 ኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደች፣ ገና በ17 ዓመቷ ከውድድር ራቀች። የአገሯን ልጅ ሜድቬዴቫን በ1.31 ነጥብ ነበር የበለጠቻት። ያን ቀን ስንት ሰዓት እንደተከራከርን! አንቺ ሜድቬዴቫ፣ እኔ ዛጊቶቫ። ቆም ብለን ግን እነዚህ ልጆች ሃያ ዓመት ሲሞላቸው የት ይሆናሉ ብለን አልጠየቅንም። ሰውነታቸው ሲያድግ ዝላዩ ይከብዳል። ያኔ ከኋላ ሌላ ትንሽ ልጅ ተሰልፋ ትጠብቃለች። እኔ ለአዲሷ ሳጨበጭብ የአምናዋን እረሳለሁ። ይኸው ነው የሠራሁት። ለአዋቂዎች ውድድር የዕድሜው ገደብ ወደ 17 ከፍ ሲል ደስ አለኝ። ልነግርሽ ፈልጌ ነበር።

የፍርዱንም ሰምተሽ ይሆናል። በጥር 2024 ቫሊዬቫ አራት ዓመት ተቀጣች፣ ከናሙናው ቀን ጀምሮ ተቆጥሮ። የቡድኑ ወርቅ ለአሜሪካኖቹ ሆነ። ቅጣቷ ባለፈው ወር አለቀ። አሁን 19 ዓመቷ ነው። መድኃኒቱን ሰጥቷታል ተብሎ እስከ ዛሬ የተቀጣ ትልቅ ሰው የለም። ይህ ያንገበግበኛል። የ15 ዓመት ልጅ ብቻዋን ዕዳ ከፈለች።

ከዩክሬን ጦርነት ወዲህ ሩሲያውያኑ ከዓለም ውድድር ታግደዋል። ለሚላኖ ሁለት ብቻ በገለልተኛ ስም ይገባሉ፤ ከሴት ፔትሮስያን፣ ከወንድ ጉሜኒክ። ጉሜኒክ የኛው ከተማ፣ የሌኒንግራድ፣ ልጅ ነው። ጥንድ ግን የለም። አስቢው እስቲ። ከ1964 እስከ 2006 ድረስ 12 ጊዜ በተከታታይ የኦሎምፒክን የጥንዶች ወርቅ ያልለቀቀ አገር። በ2002 እንኳ ከካናዳ ጋር ተካፈሉ እንጂ አልተወሰደባቸውም። አሁን አንድ ጥንድ የለም። ስለ ጦርነቱ አንቺም እኔም የምናስበውን እናውቃለን፤ ኪየቭ የተማሩ ጓደኞቻችን ምን እያዩ እንዳሉም እናውቃለን። አሮጊት ሆኜ በአንድ ልቤ ሁለት ኀዘን ይዣለሁ።

እዚህ በርሊን ግን ኒኪታ ቮሎዲን የሚባል የፒተርስቡርግ፣ የድሮዋ ሌኒንግራዳችን፣ ልጅ አለ። ከጀርመናዊቷ ከሚነርቫ ሃሴ ጋር ለጀርመን ይጫወታል። ባለፈው ዓመት በዓለም ሻምፒዮና የብር ሜዳሊያ ወስደዋል። እሷን ወደ ላይ ሲያነሳት አያያዙን እዪው። ያ የድሮው ትምህርት ነው። አይቸኩልም።

አሁን የፈራሁትን ልጻፈው። በ1996 በመንገደኛ የላክሁልሽን የቪዲዮ ካሴት ታስታውሺያለሽ። ግሪንኮቭ ኅዳር 20 ቀን 1995 ሌክ ፕላሲድ ላይ ልምምድ ላይ ሳለ ልቡ ቆሞ ሞተ። 28 ዓመቱ ነበር። ልጃቸው ገና ሦስት ዓመቷ። በየካቲት ጎርዴዬቫ ሃርትፎርድ ላይ ለመታሰቢያው ብቻዋን ወጣች፣ የማህለርን ሙዚቃ ይዛ። ካሴቱን አይተሽ የጻፍሽልኝን ደብዳቤ እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ። «ለሁለት ሰው የሚበቃ ቦታ ይዛ ነው የምትሄደው» ብለሽ ነበር። እኔ ሙዚቃውን ስሰማ፣ እጇን ስትዘረጋ ሳይ፣ ይህን አላየሁትም ነበር። አንቺ ነሽ ያየሽው። ትናንት ማታ ደግሜ አየሁት። እውነትሽን ነው። ጎኗን ለሱ ትታለት ነው የምትዞረው።

ቤቱ ሰፋብሽ? ማታ ማታ ማን ያጫውትሻል? ይህን መጠየቅ የነበረብኝ ያኔ ነው።

በመጨረሻ ቀኖቹ ምን እንዳለ አላውቅም። ቀብሩ ላይ ማን እንደመጣ፣ ከሌኒንግራድ ልጆች ማን ማን እንደቆመ፣ አንቺ ምን ለብሰሽ እንደነበር አላውቅም። ንገሪኝ። ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ፣ ረዘም አድርጊው። በጊዜው ያላለቀስኩለት ሰው ስለሆነ ቁጭ ብዬ ልስማው።

ሚላኖ ጥንዶቹ የሚጫወቱት በመጪው የካቲት ነው። ያንቺ ሰዓት ከነሱ በሁለት ሰዓት ይቀድማል። የመጀመሪያዎቹ ጥንዶች በረዶው ላይ ሲወጡ እደውልልሻለሁ። ባታነሺው አልቀየምሽም። ግን እደውላለሁ። ካነሳሽው ምንም አንናገር፣ ድምፁን ከፍ አድርጊና አብረን እንስማ።

አክባሪ እህትሽ