ሐረር ውስጥ ሐረሪ የለም እንዴ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ሐረር ቋንቋዎች ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ስለ ጀጎል ግንብና ስለ ጅብ አብሊው ብዙ ተጽፏል። ደግ። ከዚያ «የከተማዋ ነዋሪ የሚግባባው በአማርኛና በኦሮምኛ ነው» ትላላችሁ። በቃ! በሐረሪ ከተማ ሐረሪ ቋንቋ ተዘለለ።

ዘጋቢያችሁ በአማርኛ ጠየቀ፣ እኛም በአማርኛ መለስንለት። ልማዳችን ነው። ጊዲር መጋላ ገበያ ያለ የሐረሪ ባለሱቅ ከገጠር ለመጣችው ገበያተኛ በኦሮምኛ ይመልሳል፤ ለጉራጌው ነጋዴ በአማርኛ፣ ለሶማሌው በሶማሊኛ። ዞር ብሎ ልጁን የሚያዘው ግን በሐረሪ ነው። ትንሽ ቆም ብሎ ቢያዳምጥ ምን ነበረበት? እንግዳን በቋንቋው ማስተናገዳችን የራሳችን ቋንቋ እንደሌለን ተቆጠረብን። ይሄ ነው ያናደደኝ።

ቁጥራችን ትንሽ ነው፣ አልክድም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከክልሉ ሕዝብ 9 በመቶ እንኳ አልሞላንም። ቢሆንም ሐረሪ ከኦሮምኛ ጋር የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ይማሩታል። በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ የጥንት ጽሑፎች አሉት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5ም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በመንግሥት እኩል እውቅና እንዳላቸው ይደነግጋል። አንድ ስልክ ብትደውሉ ይህን ሁሉ የሚነግራችሁ ሰው ታገኙ ነበር።

ነገሩ ቤቴ ድረስ የገባ ነው። እናቴ ሐረሪና ኦሮምኛ አቀላጥፋ ትናገራለች፤ አማርኛ ግን ብዙም አይሆንላትም። አንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይዋን በሐረሪ ማስረዳት ስትጀምር ሠራተኛው አቋረጣት። «በአማርኛ ተናገሪ» አላት፤ እሷን የምታህል ትልቅ ሴት አንቺ እያለ። ተወልዳ ባደገችበት ከተማ አፏን ይዛ ተመለሰች። እንዲህ ያለ ሰው ነገ የእናንተን ዘገባ ይዞ «ጋዜጣውም ብሏል» ቢላት ምን ትመልስለት?

አማርኛን ጠልቼ አይደለም። ይሄን ደብዳቤ የምጽፈውም በአማርኛ ነው፤ ከጎንደሬውም ከወላይታውም የሚያገናኘኝ እሱ ነው። አማርኛ አገር ያግባባል ብሎ መጻፍና ሌላውን ከነጭራሹ አለመጥራት ግን ለየቅል ናቸው። ደግሞ ሶማሊኛም አለ። እሱንም አላነሳችሁትም።

እርማት አውጡ። ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ፣ ሰው በሚያየው ቦታ ይሁን። ዘጋቢያችሁንም መልሳችሁ ላኩት፤ ሐረሪ የሚሰማ ሰው አብሮት ይምጣ።

ከሐረር አንባቢያችሁ