ቮልስ ልገዛ ነው፤ አትሳቅ

ይድረስ ለወዳጄ ለዳዊት፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔም ቤተሰቡም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ያህል ዘመን ጠፍቼ በድንገት ብቅ ስል ምን እንደምትል አውቃለሁ፤ ሰድበኸኝ ሲወጣልህ ንባብህን ቀጥል። ለመጻፍ በተቀመጥኩ ቁጥር የተጠራቀመው ነገር እያሳፈረኝ ዛሬ ነገ ስል ከረምኩ። ይቅር እንዳልከኝ ቆጥሬ ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ ነገሩን ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔው ብትሰማው ይሻላል።

ቮልስዋገን ልገዛ ነው።

አዎ፣ እኔው ነኝ። ቶዮታ ዲኤክስን በአንተና በአባትህ ቮልስ ፊት እንደ ታቦት ተሸክሜ የዞርኩት ሰውዬ። እርግጥ የማየው የአባትህን ዓይነት ሳይሆን አይዲ ፎር የሚባለውን፣ ቻይና የተሠራውን የኤሌክትሪክ መኪና ነው። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ እዚህ አዲስ መኪና እገዛለሁ የሚል ሰው ስለ ሞተር መጠን ሳይሆን ስለ ባትሪ መጠን ነው የሚጠይቀው። አንተን ደስ የሚያሰኝህ ነገር ደግሞ አለ፤ ባለ አንድ ሞተሩ አይዲ ፎር ሞተሩ የተቀመጠው ከኋላ ነው፣ የሚገፋውም በኋላ ጎማዎች ነው። «ሞተር ቦታው ከኋላ ነው» እያልክ ያደረቅከን ሁሉ ከዚህ ደረሰልህ። ይህን ስጽፍልህ ጥርሴን ነክሼ መሆኑን እወቅልኝ።

ይህ ማለት ግን የድሮውን ክርክር ረታህ ማለት አይደለም። የአባትህ ቮልስ 1,285 ሲሲ፣ የእኛ ዲኤክስ ሞተር፣ ፎር ኬ የሚባለው፣ ደግሞ 1,290 ሲሲ ነበር፤ ለ5 ሲሲ ልዩነት ያን ሁሉ እራት አቀዝቅዘናል። አንተ ራዲያተር የሌለው ሞተር አይፈላም ስትል፣ እኔ ደግሞ ማራገቢያውን የምታዞረው አንዲት ቺንጋ የተበጠሰች ዕለት መኪናህ ባለበት ይቆማል እልህ ነበር። የቮልስ ሦስተኛው ሲሊንደርም አለ። የዘይት ማቀዝቀዣው ለእርሱ የሚደርሰውን አየር ስለሚጋርድበት ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል፣ የጭስ ማውጫው ባልቦላም ቶሎ ይቃጠላል። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ማቀዝቀዣውን ከዚያ ቦታ ያነሣው ያለ ምክንያት አልነበረም። አንተ ይህን አንድም ቀን አላመንክልኝም፤ አሁንም እንደማታምን አውቃለሁ። ባልቦላ ስናስተካክል ደግሞ የእናንተው ሞተር በርዶ ማደር ነበረበት፤ የእኛው ግን ገና እጅ እየፈጀ ነበር ክፍተቱ የሚለካው፤ ለማስገቢያው 0.20፣ ለማስወጫው 0.30 ሚሊሜትር። በዚህ የተነሣ «ዲኤክስ ትኩሳት ሲይዛት ነው የምትታከመው» እያልክ ትስቅብን ነበር።

ለላዳ ጥብቅና የሚቆመው ወዳጃችን እንዳለ ነው። ላዳ የፊያት 124 ልጅ ናት ስንለው ዛሬም ይቆጣል፤ ሩሲያውያኑ ላሜራውን አወፍረው፣ የኋላውን የዲስክ ፍሬን በከበሮ ለውጠው፣ ባልቦላ የሚከፍተውን ካም ሻፍት ወደ ላይ አውጥተው ሌላ መኪና እንዳደረጓት በዝርዝር ያስረዳሃል። እውነቱን ለመናገር በዚህ ልክ ነው። አይዲ ፎር ልገዛ መሆኑን ስነግረው ረዘም አድርጎ ተመለከተኝና «ግዛ፤ ባትሪው የሞተ ዕለት በላዳ እጎትትሃለሁ» አለኝ። ከእርሱ ጋር መከራከር ግን ከአንተ ጋር እንደመከራከር አይሆንልኝም፤ እርሱ መኪናውን ይወዳል እንጂ ለሌላው ሰው መኪና ደንታ የለውም።

ነገሩ የጀመረው በዲኤክስ ነው። ማርሚታዋ ጠዋት ጠዋት ሰማያዊ ጭስ መትፋት ጀመረች፣ ዘይትም ትበላለች። መካኒኩ ካንዴላዎቹን ሁሉ ፈትቶ በየቀዳዳው የግፊት መለኪያ እየከተተ ሞተሩን ሲያስነሣ ሁለቱ ሲሊንደሮች ዝቅ ብለው ተገኙ። ከዚያ በማንኪያ ትንሽ ዘይት በቀዳዳው አፈሰሰና ደግሞ ለካ፤ መርፌዋ ወዲያው ከፍ አለች። ወደ እኔ ዞሮ ምንም አላለም፣ ምን መናገር ያስፈልገዋል? ዘይቱ ክፍተቱን ደፍኖለት ግፊቱ ከፍ ካለ የተበላው የፒስተኑ ቀለበት ወይም የሲሊንደሩ ግድግዳ ነው፤ ባልቦላው ቢሆን ኖሮ መርፌዋ እዚያው ትቀር ነበር። አባቴ አጠገቤ ቆሞ ያየ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ምርመራ በማንኪያ ዘይት የሚያልቅበት ማሽን ዳግመኛ የሚሠራልን አይመስለኝም።

አሁን ሁለት መንገድ ቀርቦልኛል። አንደኛው ሲሊንደሩን አስፍቶ በትልቅ ፒስተን ማሳደስ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የዚያው ቤተሰብ የሆነውን ፋይቭ ኬ፣ 1,486 ሲሲውን ሞተር ማስገባት ነው። መቀመጫውም ማርሹም ብዙ ሳያስቸግር ይቀበለዋል ይላሉ። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ተመላልሼ አንድ ያገለገለ አግኝቻለሁ፤ ሻጩ «አልተነካም» ብሎ ይምላል፣ ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ላይ ግን የአዲስ ጓርኒሲዮን (የመገጣጠሚያው ማሸጊያ) ጠርዝ ወጥቶ ይታያል። ሞተር ከተቀየረ ደግሞ ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር መቀየር አለበት፤ የዚያን ደጅ ጥናት አንተ የምታውቀው ነው፣ አልደግመውም። በዚህ መሃል ነው አንድ ዘመዳችን «ይህን ሁሉ ከምትለፋ የእኔን ሞክራት» ብሎ የአይዲ ፎሩን ቁልፍ የሰጠኝ።

እዚህ ላይ መናዘዝ አለብኝ። ወደ እንጦጦ ይዣት ወጣሁ። ያን ዳገት ዲኤክስ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች እንደምትወጣው ታስታውሳለህ፤ ጥፋቱ የእርሷ ሳይሆን የአየሩ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ፣ በ2,400 ሜትር ገደማ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ የሚያገኘው በሚተነፍሰው አየር ልክ ስለሆነ ሩብ ያህል ጉልበቱን ገና ከግቢ ሳይወጣ ይከስራል። ካርቡራቶሩ ያንኑ ቤንዚን ለሳሳ አየር ስለሚሰጥም ነበር ካንዴላው በየጊዜው ጥላሸት የሚለብሰው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አይተነፍስም። እግሬን ጫን ሳደርግ ጀርባዬ ከወንበሩ ተጣበቀ፤ ድምፅ የለም፣ ማርሽ የለም፣ ጫፍ ደረስኩ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ በዘመድ ሠርግ ላይ ከሌላ ሴት ጋር የጨፈርኩ ያህል አፈርኩ። ለባለቤቴ እንኳ «ደህና ናት» ከማለት በቀር አልተናገርኩም። ለአንተ ነው የምናገረው።

ቶዮታን አላየህም ወይ ትለኛለህ፤ አይቻለሁ። ቢዚ ፎር ኤክስ የሚባል አላቸው፣ ቁጥሩም እዚህ እየበዛ ነው። በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄደውን ፕሪየስን እ.ኤ.አ. በ1997 አውጥቶ ዓለምን የቀደመ ኩባንያ ሙሉ በሙሉ በባትሪ ወደሚሄደው መኪና ሲመጣ እንዲህ ማመንታቱ ያናድደኛል። የመጀመሪያዎቹን ቢዚ ፎር ኤክሶች እ.ኤ.አ. በ2022 የጎማ ብሎን ሊላላ ይችላል ብሎ መልሶ ሲሰበስብ እንዴት እንዳፈርኩ አትጠይቀኝ፤ ብሎን ማጥበቅ ቶዮታ ለዓለም ያስተማረው ነገር ነበር። አንተ ግን በዚህ አትኩራብኝ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ፈተና ላይ መሆኑን ሲያውቅ ጭሱን የሚቀንስ፣ መንገድ ላይ ሲወጣ የሚለቅ ፕሮግራም በ11 ሚሊዮን የናፍጣ መኪኖች ላይ ጭኖ የተያዘው የማን ኩባንያ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። አሁን የምገዛው ማርሚታ የለውም፤ ቢያንስ በጭስ አይዋሸኝም።

ዋናው ጭንቀቴ እናቴ ናት። እንደምታውቀው ደብረ ማርቆስን ለቃ አልመጣም ብላለች፤ በየበዓሉ የምሄደው እኔ ነኝ። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአውሮፓ የሚሸጠው ትልቁ ባትሪ የሚይዘው 77 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 18 ቢበላ 54 ይጨርሳል፣ ስለዚህ በወረቀት ላይ ይደርሳል። ነገር ግን መሃል ላይ አባይ በረሃ አለ። ሰውና ዕቃ ጭኖ 2,400 ኪሎ የሚመዝን መኪና ሌላውን ብክነት ሳንቆጥር ለእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ዳገት 6 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈልጋል፣ ከድልድዩ እስከ ደጀን ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ዲናሞ ሆኖ የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል ይባላል፤ ያን ቁልቁለት ፍሬኑ ሸቶን፣ በሁለተኛ ማርሽ ይዘን ስንወርድ የባከነው ሁሉ ተመላሽ አለው ብሎ ማሰብ ራሱ ይገርማል። ምን ያህሉን እንደሚመልስ ግን ሻጩም አያውቅ፣ ዘመዴም ከከተማ አውጥቷት አያውቅም። እናቴ ቤት ከደረስኩ በኋላ በተራ ሶኬት ሌሊቱን ሙሉ ሰክቼ ልደር፤ መብራት ከጠፋስ? አንተ ባለህበት አገር ይህን መኪና በየተራራው የሚነዱ ሰዎች ስላሉ የምጠይቅህ ይህንኑ ነው፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ በእርግጥ ምን ያህል ይመለሳል? ክረምት ላይ በብርድ ባትሪው እንደሚዳከምባችሁ አንብቤአለሁ፤ የእኛ አየር በዚህ በኩል የሚስማማው ይመስለኛል።

ሌላው ነገር ባትሪው ራሱ ነው። ሻጩ እንዳለኝ የዚህኛው ኒኬልና ኮባልት ያለበት ዓይነት ነው፤ ስለዚህ በአዘቦት ቀን ከ80 በመቶ በላይ አትሙላው ይሉኛል። የሌላው የቻይና መኪና፣ የቢዋይዲው፣ ብሌድ የሚባለው ባትሪ ግን ሊቲየም ብረት ፎስፌት ስለሆነ ለተመሳሳይ ጉልበት ከበድ ቢልም ሙቀትንም ሙሉ መሞላትንም ይችላል። በዚህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቢዋይዲውን እይዝ ነበር። ያቺ የኋላ ሞተር ግን… እንግዲህ ከአንተ ጋር ያደገ ሰው ምን ያድርግ። የመሙያው መሰኪያ የቻይና ስለሆነ የአውሮፓውን አይቀበልም፣ የስክሪኑም ቋንቋ ቻይንኛ ነው፤ ስለዚህ ዕቃ ላክልኝ ብዬ አላስቸግርህም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ እየፈለግሁ እስከዚህ ድረስ ሳስወግደው መጣሁ። የምትሠራበት የመለዋወጫ ፋብሪካ ሰው እየቀነሰ ነው ሲባል ሰማሁ። እናት ድርጅቱ ቮልስዋገን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ላይ እስከ 2030 ድረስ በጀርመን ከ35,000 በላይ የሥራ ቦታዎችን ለመቀነስ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር መስማማቱንም አነበብኩ። እኔ ደግሞ እዚህ ተቀምጬ የጀርመን ስም ያለው፣ ቻይና የተሠራ መኪና በደስታ ልገዛልህ ነው። ነገሩ ከአንተ ሥራ ጋር ይገናኝ አይገናኝ አላውቅም፤ ምናልባት ጭራሽ አይገናኝም። ቢሆንም ሳልጠይቅህ ቁልፉን መቀበል ከበደኝ። መልስ ልትሰጠኝ ካልፈለግህ ይህን አንቀጽ እንዳላየኸው እለፈው፤ ስለ ባትሪው ብቻ ጻፍልኝ። ከሥራ ወጥተህ ከሆነ ግን አትደብቀኝ፤ ልጆቹም እናታቸውም እንዴት እንደሆኑ ንገረኝ።

ሻጩ እስከ ወሩ መጨረሻ ይዞልኛል፤ ከዚያ በኋላ ዋጋ ይጨምራል ብሏል። የደላላ ወሬ ሊሆን ይችላል፣ ይሁንና መልስህን ከዚያ በፊት ብትልክልኝ ደስ ይለኛል። ከተሳሳትኩ ተከራከረኝ፣ እንደ ድሮው አድርገህ፤ «እንደፈቀድክ» የሚል መልስ አልቀበልም።

ዲኤክስን ግን አልሸጣትም። ሲሊንደሯን አሳስፍቼ በራሷ ፎር ኬ ትቀጥላለች፤ ፋይቭ ኬውን ሶማሌ ተራ ትቼዋለሁ። በዚህ ላይ አስተያየትህን አልጠየቅሁህም።

ወንድምህ
ሰለሞን
አዲስ አበባ