የውጭ በር እጀታ ሲሰበር ከኋላው ያለውም ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ አሮጌ ተሽከርካሪዎች አያያዝ በምታወጧቸው ጽሑፎች ስለ ሞተር፣ ስለ ፍሬንና ስለ ጎማ ብዙ ጠቃሚ ነገር አንብቤአለሁ። ስለ ውጭ በር እጀታ የተጻፈ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ዕቃው ትንሽ በመሆኑ ይመስለኛል፤ እኔም በአሮጌው ፒክአፔ ላይ የሆነውን እስካይ ድረስ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም ነበር።

መኪናው ሁለት በር ብቻ ያለው ነው። መጀመሪያ የተሰበረው በተሳፋሪው በኩል ያለው የውጭ እጀታ ሲሆን፣ በሩን ከውስጥ እየከፈትኩ ለብዙ ወራት ተጠቀምኩበት። ከዕለታት አንድ ቀን የአምስት ዓመት ልጄን ጋቢና ውስጥ አስቀምጬ ከኋላ ዕቃ ስጭን ቆየሁና የሾፌሩን በር ለመክፈት ስስብ፣ እጀታው ከሥሩ ተቆርጦ እጄ ላይ ቀረ። መስታወቶቹ ሁለቱም ተዘግተዋል። ልጄ የውስጡን መክፈቻ ያዘችው፤ ለመሳብ ግን አቅም አነሳት። እኔ ከመስታወቱ ውጭ ቆሜ በሁለት እጇ እንድትስብ በምልክት አሳያታለሁ፣ እሷ ደግሞ ፊት ፊቴን እያየች ታለቅሳለች። በመጨረሻ እግሯን ወንበሩ ላይ ተክላ፣ በሁለት እጇ ስባ ከፈተችው። የውጭ እጀታ የተሠራው ለባለመኪናው ምቾት ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ውስጥ ያለው ሰው ራሱን መርዳት ሲያቅተው፣ ውጭ ያለው ሰው የሚደርስለት በዚያ እጀታ ነው። አደጋ አይቶ የሚሮጥ መንገደኛም እጁን መጀመሪያ የሚሰድደው ወደዚያው ነው፤ የዚህ መኪና በር የሚከፈተው ከውስጥ ብቻ እንደሆነ ማን ይነግረዋል?

በማግስቱ ሁለቱንም እጀታዎች አስቀየርኩ። የሾፌሩ በር አዲስ እጀታ ግን አራት ወር ሳይሞላው እዚያው ቦታ ላይ ተሰነጠቀ። ዕቃው ጥራት የለውም ብዬ ሻጩን ወቀስኩት። ወቀሳዬ ስሕተት እንደነበር ያወቅሁት በሩን ራሴ የፈታሁ ዕለት ነው። በበሩ ጠርዝ ላይ ያለው፣ በሩ ሲዘጋ በሚገጥምበት የመኪናው ምሰሶ ላይ የተተከለውን ብረት ነክሶ የሚይዘው መቆለፊያ ለዓመታት በተጠራቀመ አቧራና በደረቀ ግሪስ ተጣብቆ ነበር። በካቻቪቴ ስገፋው እንኳ እየተንገራገጨ ነው የሚዞረው። ያን ሁሉ ክብደት በየዕለቱ የሚሸከመው ደግሞ ከጣት የማይወፍረው የእጀታው ክንድ ነው። በብዙ አሮጌ ፒክአፖች ላይ ይህ ክንድ ከዚንክ ቅይጥ በቅርጽ የፈሰሰ በመሆኑ፣ እንደ ብረት ጎብጦ ሳያስጠነቅቅ በአንድ ጊዜ ይቆረጣል። ከፕላስቲክ የተሠራውም ቢሆን ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ስለዚህ እጀታውን ብቻ ቀይሮ መቆለፊያውን እንደ ነበረ መተው፣ አዲሱን ዕቃ ለተመሳሳይ ስብራት ማዘጋጀት ነው። የበሩ ማጠፊያ አልቆ በሩ ወደ ታች ካዘነበለም ውጤቱ ያው ነው፤ መቆለፊያው ብረቱን አጣሞ ስለሚነክስ ለመልቀቅ ከባድ ጉተታ ይፈልጋል።

የመቀየሩ ሥራ ራሱ ትዕግሥት እንጂ ልዩ መሣሪያ አይጠይቅም። መስታወቱ ወደ ላይ ይዘጋና የእጅ መደገፊያውና የመስታወት ማዞሪያው ይፈታሉ፤ ከዚያ የውስጥ ሽፋኑ ይነሣል። ከሽፋኑ ሥር የሚገኘው ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ ተቀድዶ ሲጣል አያለሁ። ይህ እጅግ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም በመስታወቱ ጎን ወደ በሩ ሆድ የሚወርደው የዝናብ ውኃ ወደ ጋቢናው እንዳይገባ የሚከለክለው እሱ ነው። ቀስ ተብሎ ከተላጠ በነበረበት ማጣበቂያ ተመልሶ ይለጠፋል። እጀታው በአብዛኛው በሁለት ዳዶ ወይም በሁለት ቡሎን የታሰረ ሲሆን፣ በብዙ መኪኖች ላይ የ10 ሚሊሜትር መፍቻ ይበቃዋል። የበሩ ውስጠኛ ቆርቆሮ ጠርዙ ስለት ስለሆነ ያለ ጓንት እጅ ማስገባት አይገባም። የቁልፉ ሲሊንደር ከእጀታው ጋር የተያያዘ ከሆነ ወደ አዲሱ ይዛወራል፤ አለበለዚያ ባለመኪናው ለአንድ መኪና ሁለት ቁልፍ ሊይዝ ነው።

አብልጬ የማሳስበው እጀታውን ከመቆለፊያው ጋር ስለሚያገናኘው ቀጭን ዘንግና ስለ ፕላስቲክ ክሊፑ ነው። አሮጌ ክሊፕ ሲነካ ይፈረካከሳል፣ ስለዚህ አብሮ መቀየር አለበት፤ በሽቦ ጠምዝዞ ማሰር ጥገና አይደለም። ዘንጉ ርዝመቱ የሚስተካከል ከሆነ፣ እጀታው ሳይሳብ መጠነኛ ልል ቦታ ሊኖረው ይገባል። ተወጥሮ ከታሰረ መቆለፊያውን በከፊል ይዞ ስለሚያስቀረው፣ በሩ የተዘጋ መስሎ በመጀመሪያው እርከን ላይ ብቻ ሊቆም ይችላል፤ መቆለፊያው ብረቱን የሚይዘው በሁለት እርከን ሲሆን፣ በሩ ሙሉ በሙሉ የሚዘጋው በሁለተኛው ላይ ነው። በሁለቱ እርከኖች መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። ስለ በር መቆለፊያና ማጠፊያ የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ደንብ ቁጥር 11 ሙሉ በሙሉ የተዘጋ የጎን በር መቆለፊያ በአንደኛው ፍተሻ 11,000 ኒውተን ጉልበት እንዲቋቋም ሲጠይቅ፣ በመጀመሪያው እርከን ላይ ከቆመው የሚጠይቀው 4,500 ኒውተን ብቻ ነው። የእጀታው ሞላም ጠንካራ መሆን አለበት፤ መኪናው ከጎን በኃይል ሲመታ እጀታው በራሱ ክብደት ወደ ውጭ ተስቦ በሩን እንዳይከፍት የሚይዘው ሞላው ነው።

ሥራው ሲያልቅ በሩ ክፍት እንዳለ መቆለፊያውን በካቻቪቴ ገፍቶ መዝጋት፣ ከዚያም የውጩን እጀታ፣ የውስጡን መክፈቻና ቁልፉን በየተራ መሞከር ያስፈልጋል። ይህን ሳያደርግ በሩን የዘጋ ሰው ስሕተት ካለ የሚያርመው ከተዘጋ በር ጋር እየታገለ ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። መለዋወጫ የምትሸጡ ወገኖች እጀታውን ከነክሊፑ ስጡን። መካኒኮችም እጀታ ልትቀይሩ በሩን ከፈታችሁ አይቀር፣ መቆለፊያውን አጽድታችሁ አዲስ ግሪስ ሳትቀቡ ሽፋኑን አትመልሱ። በብሪታንያ በሚደረገው ዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ የፊት በሮች ከውጭም ከውስጥም በየመክፈቻቸው መከፈታቸው ይታያል። ምርመራ የሚያካሂዱ ባለሙያዎች ሁሉ እንዲሁ እያንዳንዱን በር ከውጭ ስበው ቢፈትሹ ከጥቂት ሰከንዶች በላይ አይወስድባቸውም። እናንተም አዘጋጆች ስለ በር መቆለፊያና እጀታ አንድ ሙሉ ጽሑፍ በሥዕል አስደግፋችሁ እንድታወጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ