ክር የገዛው ክበብ፦ የበጎ አድራጎት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የበጎ አድራጎት ክበብ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ደብተር ማደልና ባነር ይዞ ፎቶ መነሳት ነው። ዘንድሮ ክበባችን አንድም ደብተር አልገዛም። የገዛው ክር ነው። ያዋጣችሁ ወላጆች «ክር ለምን?» እያላችሁ ስለጠየቃችሁን ከዚያው ልጀምር።

በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒፎርምና ደብተር ከከተማው አስተዳደር ይመጣል። ትንንሾቹ እዚያው ትምህርት ቤት ይመገባሉ። ታዲያ የሽሮ ሜዳ ልጆች ለምን ከክፍል ይቀራሉ? ኅዳር ላይ ይህን ለአባላቱ ሳነሳ፣ ከኋላ የተቀመጠ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ ጥምቀት እየደረሰ እኮ ነው» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። የሸማኔ ልጅ ነው፤ የሚለውን ያውቃል።

የሰፈራችን ሸማኔዎች አብዛኞቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ወይም የእነሱ ልጆች ናቸው። አባት ከመሸመኛው ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ ይሸምናል፣ እናት ትፈትላለች፣ ልጅ ማጉን፣ ማለትም አግድም የሚገባውን ክር፣ በቀሰም ያጠነጥናል። በዓል ሲቃረብ ትእዛዝ ይጎርፋል፣ ክፍላችን ደግሞ ይሳሳል። ብዙው ሸማኔ ክሩን ከነጋዴ በዱቤ ይወስድና ያለቀለትን ሸማ ነጋዴው በቆረጠው ዋጋ ለዚያው ሰው ያስረክባል። በዚያ ላይ በማሽን የታተመው «የሐበሻ ልብስ» ገበያውን እየተሻማው ነው። ዋጋ ሲወርድ ብዙ መሸመን ግድ ይላል። ለዚያ ተጨማሪ እጅ ያስፈልጋል፣ የሚገኘውም የልጅ እጅ ነው።

ስለዚህ ወደ ሰፈሩ እድር ሄድን። የእድሩ ዳኛ መዋጮ ልንጠይቅ የመጣን መስሏቸው «ልጆቼ፣ የእኛ ገንዘብ ለቀብር ነው» አሉን። እኛ የፈለግነው ገንዘብ አልነበረም። የትኛው ቤት እንደቸገረው የሚያውቅና ብድር የሚሰበስብ ሰው ነበር። የተማሪ ክበብን ገንዘብ የሚያስቀር ሞልቷል። የእድርን ግን ማን ይደፍራል?

ተስማማን። የክበቡ ገንዘብ እድሩ ዘንድ ተቀመጠ። ከመርካቶ በጅምላ የተገዛው ክር ለጥቂት ቤተሰቦች ተሰጠ። ሸማው ሲሸጥ የክሩ ዋጋ ይመለስና ለሌላ ቤተሰብ ይተላለፋል። የቤተሰቡ ግዴታ አንድ ብቻ ነው፤ ልጁ እስከ መጨረሻው ክፍለ ጊዜ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። የእድሩ ጸሐፊ ይህን በመዝገብ አሰፈሩት።

ሁሉም ሰመረ አልልም። ከጥምቀት በኋላ ወዲያው የመለሱ አሉ፣ እስከ ፋሲካ ጊዜ የለመኑም አሉ። አንድ ልጅ ግን ትምህርቱን አቋርጦ አጎቱ ጋር ሊሠራ ሄደ። ዳኛው ራሳቸው ቤቱ ድረስ ሄደው ለምነው ነበር፤ አልሆነም።

እድሩ አዳራሹንም ሰጠን። የአሥራ አንደኛ ክፍል አባላት ቅዳሜ ጠዋት ትንንሾቹን ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስጠናሉ። ሰፈር ውስጥ ሰው ከሞተ አግዳሚው ከነድንኳኑ ለቅሶ ቤት ይሄዳል፣ ልጆቹም ሰሌን ላይ ተቀምጠው ክፍልፋይ ይሠራሉ። ከሁሉ የወደድኩት አንድ አባት ጥለት እንዴት እንደሚነሳ ሊያሳዩ የመጡበትን ቅዳሜ ነው። ጥለት ክር እየተቆጠረ ነው የሚሠራው። አንዷ ክር ከተዘለለች ሙሉው መስመር ይበላሻል። ማባዛት የሚያስጠላቸው ልጆች ያን ቀን ከአስጠኚዎቻቸው ቀድመው ሲቆጥሩ አየሁ። የሒሳብ መምህራን፣ እኚህን አባት ብትጋብዟቸው አትጸጸቱም።

በወላጆች ቀን ከእነዚሁ ቤተሰቦች የተረከብነውን ስካርፍና ፎጣ ሸጥን። ነጩና አረንጓዴው ወዲያው አለቀ። ብርቱካናማውን ማንም አልነካውም። ቀለሙን የመረጡት ወንዶቹ ናቸው ይላሉ ሴቶቹ፤ እኔ በዚህ አልገባም። የተረፈው ቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ ስላለ በዋጋ እንደራደራለን።

የእድሩ መዝገብ ለማንኛውም ወላጅ ክፍት ነው። ሒሳባችንን የያዘችው ልጅ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ እየሄደች ነው። መስከረም ላይ ምዝገባ ስንጀምር ደረሰኝ የማይጥል፣ ቅዳሜ ጠዋት እንቅልፍ የማያሸንፈው ተማሪ እንፈልጋለን።