ለአዲሱ የከተማ ምክር ቤት አባል

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ቤተሰቡስ ደህና ነው? ከተጠፋፋን ስንት ዘመኑ! የደብረ ብርሃን ከተማ ምክር ቤት መግባትህን ስሰማ ደስ አለኝ። እንኳን ደስ ያለህ። ንጹሕ ኃይልን አጀንዳህ ማድረግህን ስለነገሩኝ፣ ዣይሜ ሌርነርን ላስታውስህ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

አርክቴክት ነበር። የብራዚሏ ኩሪቲባ ከንቲባ ሆኖ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሦስት ጊዜ ሠርቷል፤ ኋላም የፓራና ግዛት ገዥ ሆነ፤ በ2021 አረፈ። ንጹሕ ኃይል ሲባል እኛ ዘንድ ወሬው ሁሉ ሶላር ነው። እሱ ግን ነዳጁን የቆጠበው ከመንገዱ አሰማመር ጀምሮ ነው። መሐሉን ለአውቶቡስ ብቻ ለየ፤ ፈጣኑን የመኪና ፍሰት ከግራና ከቀኝ ወዳሉ ባለ አንድ አቅጣጫ መንገዶች ወሰደው። ረጅም ፎቅ የተፈቀደው በዚያው መስመር ዳር ነው፤ እየራቅህ በሄድህ ቁጥር ሕንፃው ዝቅ ይላል። ተሳፋሪው መስመሩ ላይ ስለሚኖር አውቶቡሱ ባዶውን አይመላለስም። በ1991 የመጡት የቱቦ ጣቢያዎች ደግሞ ሂሳብ ከመሳፈር በፊት ያስከፍላሉ፤ ወለላቸውም ከአውቶቡሱ ወለል እኩል ነው። ረዳት ሂሳብ እስኪሰበስብ ሞተር አስነስቶ መቆም ቀረ።

አንድ ነገር ግን አትርሳ፦ የመጀመሪያዎቹን ሁለት የከንቲባነት ዘመናት በወታደራዊው መንግሥት ተሹሞ ነው የሠራው። በ1972 ዋናውን የገበያ መንገድ ነጋዴው ፍርድ ቤት ሳይደርስበት በቅዳሜና እሁድ ለእግረኛ ለወጠው። አንተ ግን የመረጠህን ሕዝብ ሳታወያይ እንዲህ ማድረግ አትችልም፤ ባትችልም ይሻላል።

የደሴ መንገድ ከተማችሁን አቋርጦ ያልፋል። በመዋቅራዊ ፕላኑ ላይ ለአውቶቡስ የተያዘ የመንገድ ክልል አለ ወይ ብለህ ጠይቅ። ቦታው በሊዝ ከተላለፈና ግንባታ ከተጀመረ በኋላ ካሳውና ክርክሩ አያልቅም።

የሶላር የመንገድ መብራት ጨረታ ከመጣ ደግሞ ሰነዱን በቁጥር ያዘው። 40 ዋት መብራት 6 ሰዓት በሙሉ ኃይሉ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ 6 ሰዓት በግማሽ ኃይሉ ከበራ በሌሊት 360 ዋት ሰዓት ይበላል። በክረምት የቀኑን ፀሐይ እንደ 4 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ፣ ብክነቱን 30 በመቶ ብታስብ ፓኔሉ 130 ዋት ገደማ ይሆናል። ፀሐይ ሳይወጣ ሦስት ሌሊት እንዲያበራ፣ ባትሪው ከ80 በመቶ በላይ እንዳይራገፍ ከፈለግህ 1,350 ዋት ሰዓት ያስፈልግሃል፤ በ12.8 ቮልት 105 አምፒር ሰዓት አካባቢ ማለት ነው። ርካሽ አቅራቢዎች የሚያጭበረብሩት እዚህ ላይ ነው፦ መብራቱ ትልቅ፣ ባትሪው ኢምንት።

የእናንተ ሌላው ጣጣ ውርጭ ነው። ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ከተደረገ ሊቲየሙ በብረታ ብረት መልክ ውስጡ ይጋገራል፤ የጠፋው አቅም አይመለስም። የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳ ፀሐይ ፓኔሉን ስትመታ ባትሪው ገና እንደበረደ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብርዱ እስኪለቅ ቻርጅ የሚያቆም ኮንትሮለር እንዲኖረው፣ የባትሪው ሣጥንም ሙቀት ጠባቂ ሽፋን እንዲኖረው አስጽፍ። ፓኔሉ ወደ ደቡብ ዞሮ 15 ዲግሪ ያህል ይዘንብል፤ ጠፍጣፋ ከተቀመጠ የበጋው አቧራ ይተኛበታል።

የሰነዱ ረቂቅ እጅህ ሲገባ ላክልኝ፤ የባትሪውን ክፍል አይቼ እመልስልሃለሁ። ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ