ቅንጨው ሳያብብ ይድረሱልን

ለቀበሌያችን ሊቀመንበር
ሐዋሳ

ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ሰነበቱ?

ይህን ጉዳይ በቃል ልነግርዎት ሁለት ጊዜ ቢሮ መጥቼ ነበር። ሁለቴም ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ። አልተቀየምኩም፣ ሰኔ የበጀት መዝጊያ ወር ነው። ስለዚህ በግልጽ ልጻፈውና ሌላውም ሰው ያንብበው።

ጉዳዬ አረም ነው።

እኔ የምኖረው ከተማ ውስጥ ነው። እናቴ ግን ያለችው ከአላሙራ ተራራ ወዲያ፣ እርስዎ በሚያስተዳድሩት ገጠር ነው። አባታችን ካረፈ ወዲህ ከቤቷ ጀርባ ያለው መሬት ሁለት ዓመት ጾሙን አደረ። እኛም ልጆቹ ዛሬ ነገ ስንል ከረምን። ባለፈው ቅዳሜ ገጀራና ዶማ ይዘን ልንመነጥር ገባን። እንሰቱ ጋ ለመድረስ ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀብን። የወፍ ቆሎ የሚባለው ቁጥቋጦ ከሰው ቁመት በልጦ እርስ በርሱ ተቆላልፏል። ከሥሩ ደግሞ ቅንጨ የሚባለው አረም። ቅጠሉን ሲያዩት የካሮት ይመስላል፣ ምንም የማያውቅ። ታናሽ ወንድሜ ጓንት አድርግ ቢባል ስቆብን በባዶ እጁ ሲነቅል ዋለ። ማታ እጁ እስከ ክርኑ ቀልቶ አበጠና እናቴ እያጎረሰችው ራቱን በላ። 30 ዓመቱ ነው።

የአንዲት ጎረቤታችን ላም ደግሞ ቅንጨ ስትግጥ ከርማ ወተቷ መረረ። ልጆቹ አንጠጣም አሉ።

አምና የአረም ነቀላ ዘመቻ ነበር፣ አልካድኩም። ሰው ወጥቷል፣ ፎቶም ተነስተናል። ችግሩ የወጣነው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቅንጨው ነጭ አበባውን አውጥቶ ጨርሷል። ይህ አረም ከበቀለ በአንድ ወር ገደማ ማበብ ይጀምራል። አንዱ ብቻ እስከ 25,000 ፍሬ ሊጥል ይችላል። እኛ ደግሞ ፍሬ የያዘውን በማጭድ አጭደን፣ በጋሪ ጭነን፣ መንገድ ለመንገድ እያራገፍነው ሄድን። ይሄ ማጽዳት ሳይሆን መዝራት ነው። ዘንድሮ መንገድ ዳር የበቀለው የገዛ እጃችን ሥራ ነው።

ነገሩ የገበሬ ብቻ እንዳይመስልዎት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቼን የት ልውሰዳቸው? አንዱን እሁድ ፍቅር ሐይቅ እንሄዳለን። ሌላውን አሞራ ገደል፣ አሳ ጥብስ በልተን፣ ሙዛችንን ለጦጣ አስረክበን እንመለሳለን። ሦስተኛው እሁድ የአላሙራ ነው። ባጃጅ እስከምትችለው ታደርሰናለች፣ ከዚያ በእግር። ክረምት ላይ ዝናቡ ሳይመጣ በጠዋት ከወጡ ሐይቁ በሙሉ ከእግርዎ ሥር ተዘርግቶ ያገኙታል። የታቦር ተራራ ያኔ ትንሽ ጉብታ ነው። ስንወርድ እናቴ በቆሎ እሸት ጠብሳ ትጠብቀናለች። ለዚህች ቀን ስንል ነው ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ የሚታዘዙን። አምና ግን ግማሽ መንገድ ላይ አረሙ ዘጋብን። ትንሿ ልጄ ያልበሰለ የወፍ ቆሎ ፍሬ አፏ ውስጥ ልትከት ስትል ደረስኩባት። ያ አረንጓዴው መርዝ ነው። ተመለስን።

አረሙ ይጽዳ ስል ዛፍ ይቆረጥ አላልኩም። አምና የዋንዛና የብሳና ችግኝ ከአረሙ ጋር አብሮ ተጨፍጭፏል። እኛ ያለነው እኮ በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ጨምበላላ ላይ፣ አባቶች አገር በቀል ዛፍ ይጠበቅ ብለው በሚመክሩበት አገር ነው። በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው በዓል ነው። ችግኞቹ ላይ አስቀድመን ቀይ ጨርቅ ብናስር በስህተት የሚቆርጣቸው አይኖርም። የሐይቁን ዳር ፊላም «ጫካ ሆነ» ብሎ ማጭድ የሚያነሳ እንዳይኖር። ከማሳ ታጥቦ የሚመጣውን አፈር የሚይዘው እሱ ነው፣ አሳውም እዚያ ይራባል።

እንግዲህ የምለምንዎት ዘመቻው ወደ ሐምሌ መጀመሪያ እንዲመጣ ነው። ዝናቡ አፈሩን ስለሚያለሰልሰው ቅንጨው ከነሥሩ ይነቀላል፣ ማጭድም አያስፈልግም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንዴ መድገም ግን ግድ ነው፣ አዲስ ይበቅላላ። ጓንት መግዣ ከሌለ ወፍራም ላስቲክም እጅ ላይ ቢታሰር ከባዶ እጅ ይሻላል። ወንድሜን ይጠይቁት።

በሐረርጌ በኩል ይህን አረም «ፋራምሲሳ» ይሉታል። መሬትህን ፈርመህ ልቀቅ እንደማለት ነው። እናቴ ገና አልፈረመችም።

የሐምሌ የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ በሯ ላይ እንገናኛለን። እስካሁን 8 ሰው እመጣለሁ ብሏል። ለእርስዎም አንድ ጥንድ ጓንት ገዝተናል።

አክባሪዎ