ስለ ክላምፕ ለጠየቅኸኝ፣ የዘገየ መልስ

ወንድሜ፣ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰብስ ደህና ናቸው? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ማጥፋቴን አንተው ታውቀዋለህና በሰበብ አላደክምህም። «ለስካፎልድ ሠራተኞቹ የትኛውን ክላምፕ ልግዛላቸው? እነሱ የሚፈልጉት ሌላ፣ የሻጩ ወረቀት የሚለው ሌላ ሆነብኝ» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ከዘገየሁ አይቀር አሟልቼ ልመልስልህ።

መጀመሪያ ሠራተኞቹን ስማቸው። ስካፎልድ፣ ማለትም ለግንባታ የሚቆመውን የቱቦ መወጣጫ፣ የሚያስር ሰው ክላምፕን፣ ቱቦን ከቱቦ የሚያያይዘውን የብረት ማሰሪያ፣ የሚመዝነው በሠንጠረዥ አይደለም፤ በአንድ እጁ ቱቦ አቅፎ በሌላው ሲከፍተው እንዴት እንደሚታዘዝለት አይቶ ነው። ብሎኑ በራሱ ክብደት ወደ ኋላ ተኝቶ መንገድ የሚለቅ፣ ክዳኑ ሳይታገል የሚገለበጥ፣ ዳዶው በጣት ብቻ እስከ መጥበቂያው የሚሄድ ክላምፕ ይወደዳል። ስንፍና እንዳይመስልህ። የሚታገል ክላምፕ በግማሽ ጠብቆ ይቀራል፤ በግማሽ የጠበቀው ደግሞ ከታች ሆኖ ለሚያየው ሙሉ ከጠበቀው አይለይም።

ዋናው ክርክር በቅጥቅጡና በላሜራው መካከል ነው። ቅጥቅጡ ብረቱ ግሎ በቅርጽ ማተሚያ ተመትቶ የሚወጣው ነው፤ የላሜራው ደግሞ ከብረት ዝርግ ተቆርጦና ተጣጥፎ በሪቬት የተያያዘው። የላሜራው ይቀላል፤ በጆንያ ተሸክሞ ለሚወጣ ሰው ልዩነቱ ወገቡ ላይ ይታወቀዋል። ችግሩ ሲወድቅና ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ይመጣል፦ ክዳኑ ይጣመማል፣ ከንፈሩ ይከፈታል፣ ከዚያ ወዲያ ቱቦውን ዙሪያውን ሳይሆን በሁለት ነጥብ ብቻ ይነክሳል። ቅጥቅጡ መሬት ላይ መወርወርን የበለጠ ይችላል። እኔን ከጠየቅኸኝ ጭነት ለሚሸከመው መጋጠሚያ ሁሉ ቅጥቅጥ፣ ለመከላከያ አጥር ከፈለግህ የላሜራ። ግን በአንድ ጆንያ አትቀላቅላቸው፤ ቸኩሎ የሚሠራ እጅ አይመርጥም።

የቱቦህን የውጭ ዲያሜትር ለክተህ ግዛ። መደበኛው 48.3 ሚሊ ሜትር ነው። ለእሱ የተሠራ ክላምፕ 42 ሚሊ ሜትር ቱቦ ላይ ዳዶው እስኪያልቅ ቢጠብቅም ይንሸራተታል፤ የጠበቀ የሚመስለው ክዳኑ ከአካሉ ጋር ስለተገናኘ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ደብል ክላምፑ፣ ማለትም ሁለት ቱቦ በ90 ዲግሪ ወደሚያስረው እንምጣ። ስካፎልዱን የሚሸከመው እሱ ነው። በአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 74-1 መሠረት ምድብ «ሀ» የሚባለው ሳይንሸራተት የሚችለው ኃይል 10 ኪሎ ኒውተን ነው፤ ለደህንነት በ1.65 ሲካፈል ለሥራ የሚፈቀደው 6.1 ይሆናል፣ ወደ 620 ኪሎ ግራም ክብደት ገደማ። ምድብ «ለ» 15 ሆኖ ለሥራ 9.1 ይደርሳል። የ«ሀ» ክላምፕ ሥር ሌላ ተመሳሳይ ክላምፕ አስጠግተህ ብታስር አቅሙ እጥፍ አይሆንም፤ ወደ 9.1 ብቻ ነው የሚያድገው። ሁለቱ ካልተነካኩ ደግሞ የላይኛው መጀመሪያ ሳይንሸራተት የታችኛው ሥራ አይጀምርም።

እነዚህ ቁጥሮች የሚሠሩት ዳዶው በ50 ኒውተን ሜትር ሲጠብቅ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር እጀታ ባለው መፍቻ ይህ ማለት ጫፉን ወደ 25 ኪሎ በሚሆን ኃይል መሳብ ነው፤ አንድ ጤነኛ ሰው በእጁ የሚያደርሰው። መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክቶ ማስረዘም ክፉ ልማድ ነው፦ ብሎኑ ይለጠጣል፣ ፊሌቶው፣ የብሎኑ ጥርስ፣ ይላጣል፣ ክዳኑ ይጎብጣል፤ ጉዳቱ የሚታየው ደግሞ በሚቀጥለው ሥራ ላይ ነው። ቱቦው አሉሚኒየም ከሆነ ይሰረጉዳል።

አቀማመጡም ወሳኝ ነው። ክላምፑን መጀመሪያ ቋሚው ላይ አጥብቅ፤ የአግዳሚው መንጋጋ ወደ ላይ ይክፈት። አግዳሚውን እዚያ ላይ አስተኝተህ ክዳኑን ትዘጋለህ። እንዲህ ሲሆን ሠራተኛው ሁለት እጁ ነፃ ነው፣ ዳዶው ቢላላም ቱቦው የተቀመጠው አካሉ ላይ እንጂ ክዳኑ ላይ አልተንጠለጠለም። ተገልብጦ የታሰረ ካየህ አስፈታው።

ዟሪው ክላምፕ ለሰያፍ፣ ማለትም በዘንበል ለሚታሰረው ቱቦ ነው። በማንኛውም ማዕዘን ስለሚታሰር ሠራተኛ ይወደዋል፤ ደብል ሲያልቅም ቦታውን ይይዛል፤ እዚህ ላይ ነው መቆጣት ያለብህ። መሃሉ ያለው ሪቬት እንዲዞር የተሠራ ስለሆነ ማዕዘኑን አያጸናም፤ አግዳሚና ቋሚን በእሱ ብታስር መጋጠሚያው እንደ ማጠፊያ ይሆናል። ሰያፉንም ከመጋጠሚያው 30 ሴንቲ ሜትር በላይ አርቀህ አታስር፤ ከዚያ ካለፈ ኃይሉ ቋሚውን ወደ ጎን ማጉበጥ ይጀምራል።

ነጠላው ክላምፕ ተሻጋሪውን፣ ጣውላው የሚያርፍበትን ቱቦ፣ አግዳሚው ላይ ለመያዝ ብቻ ነው፤ ለሰያፍም፣ ከግድግዳ ጋር ለማሰርም አይሆንም።

ስለ መቀጠያ አንድ ነገር ብቻ። ቱቦ ውስጥ ገብቶ የሚወጠረው ፒን ፈጣን ነው፣ ከውጭም አይታይም። ለሚጫነው ቋሚ ይበቃል፤ መሳብ ግን አይችልም። ቱቦው ሊሳብ በሚችልበት ቦታ ከውጭ የሚያቅፈውን እጅጌ መቀጠያ ተጠቀም። የጎን ለጎን ቋሚዎች መቀጠያ በአንድ ደርብ ላይ አይግጠም፤ አፈራርቃቸው።

ሽብልቅ ስላለባቸው ዘመናዊ ስካፎልዶችም ጠይቀኸኛል። ቋሚው ላይ ቀዳዳ ያለው ክብ ሳህን የተበየደበት ዓይነት በየሳህኑ እስከ 8 ቱቦ ይቀበላል፣ መፍቻ አይፈልግም፣ ግማሽ ኪሎ መዶሻ ይበቃዋል። ሽብልቁ የሚመታው መዶሻው ነጥሮ እስኪመለስ ነው። ቀጥ ላለ ረጅም ግድግዳ ተወዳዳሪ የለውም፤ ሠራተኛውም ሌላ አይመርጥም። በጽዋ የሚቆለፈው ዓይነት እስከ 4 ይይዛል፣ ግን ጽዋው ውስጥ ሲሚንቶ ከደረቀ አይዘጋም፣ የአግዳሚዎቹ ጫፍ ምላስ ሁሉ ካልገባም ይላላል። ግድግዳው ሲታጠፍ፣ በረንዳ ሲወጣ፣ መሬቱ ሲዳገት ግን ሁለቱም ይቸገራሉ፤ ያኔ ቱቦና ክላምፕ ይፈለጋል። ስለዚህ ሽብልቅ ብትገዛም ጥቂት ጆንያ ክላምፕ አይቅርብህ።

ብዛቱን እንዲህ አስላ። 20 ሜትር ግድግዳ፣ 3 ደርብ፣ በየ2 ሜትሩ ጥንድ ቋሚ ካለህ 11 ጥንድ፣ 22 ቋሚ ማለት ነው። አግዳሚ ለማሰር 66 ደብል፣ ለላይኛው ደርብ ሁለት ረድፍ አጥር 22፣ በድምሩ 88፤ ከግድግዳ ጋር የምታስርበት ይጨመራል። በየሁለተኛው ጥንድ አንድ ሰያፍ ብታስር 18 ሰያፍ፣ 36 ዟሪ። ሁሉም ደርብ ጣውላ ከተነጠፈበትና በየ1 ሜትሩ ተሻጋሪ ካለ በደርብ 21 ተሻጋሪ፣ 126 ነጠላ። አግዳሚው በ6 ሜትር ቱቦ ከሆነ በረድፍ 3 መቀጠያ፣ በጠቅላላው 18 እጅጌ። የፊት ለፊቱን ረጅም ሰያፍ ለብቻው ቁጠር።

የዳዶው መጠን አንድ ዓይነት ይሁን፤ 21ም ሆነ 22 መፍቻ የሚፈልግ፣ ግን የተቀላቀለ አይሁን። ለ21 ዳዶ 22 መፍቻ ማዕዘኑን ያሟልጨዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚፈታው መቁረጫ ብቻ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ ዘይት። ዘይቱ ፊሌቶው ላይና ማጠፊያው ላይ እንጂ መንጋጋው ውስጥ አይግባ፤ ቱቦውን የሚይዘው ሰበቃ ነውና የቀባኸው መንጋጋ ይንሸራተታል። ክላምፖቹን በጅምላ በርሜል ዘይት ውስጥ መንከር የሚወዱ አሉ፤ አድርገኸው ከሆነ መንጋጋውን በጨርቅ አስጠርግ። ማጠፊያው ላይ ስንጥቅ ያለበትን፣ ክዳኑ የተጣመመውን፣ ብሎኑ የቀጠነውን ለይተህ አስወግድ። አግሎ ማቃናትም ሆነ መበየድ አይፈቀድም፤ የተጣለውም ተመልሶ ጆንያው ውስጥ እንዳይገባ ቁረጠው።

ገዝተህ እንደጨረስህ ከየጆንያው አምስት አምስት አውጥተህ ለሠራተኞቹ ስጣቸውና ቱቦ ላይ አስሞክራቸው። የሚሉትን ጻፍልኝ፤ በዚህኛው ቶሎ እመልሳለሁ።

ወዳጅህ